ኸልዋ ያልነበረው ዝምታ

ባለፈው ሳምንት ለቅሶ ቤት ተቀምጬ ሳለ ድንኳኑን ጥዬ ወጣሁ። ሰው ፊት እንዲህ ማድረግ ልማዴ አይደለም። መካነ ሰላም ገበያ ዳር ባለች ጠባብ ሱቄ ሬድዮ፣ ሞባይልና የሶላር መብራት ስጠግን የምውል ሰው ነኝ። ሥራውን ማንም አላስተማረኝም፤ የተበላሸ እየፈታሁ፣ የፈታሁትን እየገጠምኩ ነው የለመድኩት። ደንበኞቼ «ይሄ ልጅ ምላሱን የትኛው ሬድዮ ውስጥ ረስቶት ይሆን?» እያሉ ይቀልዱብኛል። በዚያ ቀን ግን ዝም ብዬ መቀመጥ አቃተኝ።

የሞቱት እማማ ፋጡማ የትውልድ መንደሬ አሮጊት ናቸው። ካለፈው ክረምት ጀምሮ ከቤት አልወጡም ነበር። እህል አስጠላቸው፣ ከሰው ጋር መነጋገር ተዉ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው መዋል ያዙ። ልጆቻቸው ሱቄ በመጡ ቁጥር «ሐኪም ቤት ውሰዷቸው» ብያለሁ። «ምን ያደርጋል፣ ዕድሜ ነው» ነበር መልሳቸው። እንግዲህ ድንኳኑ ውስጥ አንድ ሰውዬ ንፍሮውን በእጁ እንደያዘ «ታድለው! ዱንያን ንቀው ሄዱ» አለ። አጠገቡ ያለው «ወላሂ፣ የወልይ አሟሟት ነው» ብሎ ቅዱስ አደረጋቸው። ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። ተነሳሁና ወጣሁ። ከኋላዬ «ምን ነካው?» ሲሉ ሰማሁ።

የነካኝ አዲስ ነገር አይደለም። ይህ ንዴት ሃያ ዓመት እንኳ ሳይሞላኝ የጀመረኝ ነው።

አብዬ ሁሴን የአባቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። አባቴን በልጅነቴ ስላጣሁ ያሳደጉኝ እሳቸው ነበሩ። ቤታችን ወደ ዓባይ በረሃ በሚወርደው ገደል አፋፍ ላይ ነው። ጠዋት ጠዋት ጉሙ ከሥር እንደ ፈሰሰ ወተት ተኝቶ ይታያል፤ ፀሐይ ከፍ ስትል ይገለጥና ታች የሚሄድ ሰው ጉንዳን ያክላል። አብዬ ሁሴን በሬዎቻቸውን ሲጠሩ ድምፃቸው ማዶ ተረተር ድረስ ይሰማ ነበር። ገበሬ ብቻ አልነበሩም። አስታራቂ ነበሩ፤ ያውም የደም አስታራቂ። ሰው የተገዳደሉ ቤተሰቦች በእሳቸው ፊት ታርቀው ልጅ ለልጅ ተጋብተዋል። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይጠራቸው ነበር። ሸንጎው ሲከር አንድ ቀልድ ጣል አድርገው ሰውን ያስቁና፣ ሰው ስቆ ሳይጨርስ ዕርቁን ይቋጩታል።

ባለቤታቸው በሞቱ በዓመቱ፣ በሐምሌ፣ ነገሩ ጀመረ። መጀመሪያ የጠፋው ቁጣቸው ነው። በፊት የበሩ መወርወሪያ ትንሽ ከዘመመ፣ ማጭዱ ቦታው ላይ ካልተሰቀለ ቤቱን ያናውጡት ነበር። በዚያ ክረምት ማጭዱ ዝናብ ላይ ተረስቶ ዛገ፤ አዩት፣ አለፉት። ቀጥሎ አርብ አርብ ራሳቸውን መላጨት ተዉ። ከዚያ ከቤቱ ጎን ያለችውን፣ እህል የምናስቀምጥባትን ትንሽ ጎጆ ይዘው፣ መደቡ ላይ ቡልኮ ተከናንበው ቀሩ።

ልጃቸው ዘሃራ አስተዋይ ሴት ናት። ትዳሯን ፈትታ ከእኛ ጋር ትኖር ነበር። በነሐሴ ጭቃ በቅርብ ወዳለ ክሊኒክ ወሰደቻቸው፤ እኔም አብሬ ነበርኩ። እዚያ የነበረው ወጣት ዓይኑን ከስልኩ ላይ ሳያነሳ «አባት፣ ዕድሜዎ ስንት ነው?» አላቸው። «ሰባ ይሆናል» አሉ። «ታዲያ በሰባ ዓመት ምን ሊጠብቁ ኖሯል?» ብሎ የጨጓራ ኪኒን ሰጣቸው። ሰውዬው በዚያች ቃል ዕድሜያቸውን በሽታ፣ በሽታቸውን ዕድሜ አደረገው። ዛሬም ፊቱ አይጠፋኝም።

የባሰው ግን የእኛ የራሳችን ሥራ ነበር። በአገራችን ደጋግ ሰዎች ከሰው ተለይተው፣ ትንሽ ቀምሰው፣ በዱዓ ብቻ የሚቀመጡበት ልማድ አለ፤ ኸልዋ ይባላል። ኸልዋ የገባ ሰው ይከበራል፣ ዱዓው ይደርሳል ይባላል። ጎረቤታችን ጋሽ እንድሪስ አንድ ቀን በጎጆዋ ደጅ ሲያልፍ የአብዬ ሁሴን መቁጠሪያ ቀጭ፣ ቀጭ ሲል ሰማ። ቆሞ አዳመጠ። በቃ፤ እስከ ማታ ድረስ «ሁሴን ኸልዋ ገብቷል» የሚለው ወሬ መንደሩን አዳረሰው። ከመንደራችን ወንዝ ማዶ ያሉት ክርስቲያን ጎረቤቶቻችንም «ሁሴን ዘግቷል» አሉ፤ በእነሱም ዘንድ ዘግቶ የሚጸልይ ሰው ክቡር ነውና።

ከዚያ ወዲያ ደጃችን ሰው አላጣም። ቅቤ ይዘው መጡ። ማር መጣ፣ ጫት መጣ፣ አንድ ጊዜ በግ መጣ። መካን ሴት መጣች፤ ዓረብ አገር ልትሄድ የተነሳች ልጅ መጣች። የጎጆዋን መቃን ነክተው እጃቸውን ይስማሉ። ከውስጥ የመቁጠሪያው ድምፅ ሲሰማ «አሚን፣ አሚን» ይላሉ። ሁሉም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይናገራል። ግን እስቲ አስቡት፤ ከዚያ ሁሉ ሰው አንድ እንኳ «ሁሴን፣ እንዴት አደርክ?» ያላቸው የለም። ዱዓቸውን እንጂ እሳቸውን የሚፈልግ አልነበረም።

በመስከረም አንድ ቀን ቀትር ላይ ዘሃራ የቀቀለችውን የባቄላ እሸት ይዤ ገባሁ። ጎጆዋ ውስጥ የገብስ አቧራና የከረመ ቡልኮ ይሸታል። ከአንገታቸው በታች አጥንታቸው ወጥቶ ይታይ ነበር።

«አብዬ፣ ትንሽ ይቅመሱ።»

«አስቀምጠው።»

«ትናንትም አስቀምጠው ብለውኝ አስቀመጥኩት፤ ዶሮ በላው።»

«ዶሮዋም ነፍስ ናት» አሉ። ከብዙ ጊዜ በኋላ የሰማሁት የእሳቸው ወግ ነበር። ከዚያ «በሩን ግጠመው» አሉኝ። ገጠምኩት።

«እነዚህ ሰዎች ምን ፈልገው ነው የሚመጡት?»

«ዱዓዎን ነዋ፣ አብዬ።»

«እኔ እኮ ዱዓ አላደርግም።»

የያዝኩትን እሸት መደቡ ጫፍ ላይ አስቀመጥኩት።

«ዶቃውን ነው የምገፋው። ባዶውን። ከቁርኣኑ ፋቲሓን እጀምራታለሁ፣ መሃል ላይ ትጠፋብኛለች። እኔ! ከልጅነቴ የማውቃትን! ዓይኔ አይከደንም። የበላሁት አፈር አፈር ይለኛል። እሱ ይውሰደኝ እያልኩ ነው የምውለው፤ ሌላ ዱዓ የለኝም። አንዳንዴ ደግሞ ያ ገደል...» ብለው በእጃቸው ወደ አፋፉ አመለከቱና ቃሉን አልጨረሱትም። «እና ውጭ 'አሚን' ሲሉ እሰማለሁ። በምኑ ላይ ነው አሚን የሚሉት?»

መካነ ሰላም ሆስፒታል የአእምሮ ሐኪም እንዳለ ከሬድዮ ሰምቼ ነበር፤ ጠጋኝ ሰው ሬድዮ ከሌላው ይበልጥ ይሰማል። «እንሂድ» አልኳቸው።

«አበደ እንዲሉኝ?»

«ይበሉ!»

«አንተ ልጅ ነህ» አሉ፤ ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ እንኳ የለም። «ያስታረቅኳቸው ሰዎች አሉ። ነገ 'ያስታረቀን እብድ ነው' ብለው ዕርቁን ቢያፈርሱትስ? ደም ያለበት ዕርቅ ነው ጀማል። ስንት ልጅ በዚያ ዕርቅ ተማምኖ በማዶ መንገድ ትምህርት ቤት ይሄዳል። እኔ እዚሁ ልለቅ፣ እነሱ ይኑሩ።»

ለአንድ መንደር ሰላም ሲሉ ሰው ሳያውቅላቸው እየሞቱ ነበር። መንደሩ ደግሞ ከደጅ ቆሞ አሚን ይላል። እንቅልፍ አጥቼ አደርኩ።

በማግስቱ ጠዋት ጋሽ እንድሪስ ከሦስት አራት ሰው ጋር ደጃችን ቆሟል። ልጁን ለመንገድ ሊያስመርቅ ነው የመጣው። ገና ከቤት ስወጣ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ «ቀስ በል፣ ኸልዋ ናቸው» አለኝ።

«ኸልዋ አይደሉም፤ ታመዋል!» አልኩ። እንዲህ ጮኼ አላውቅም፤ የገዛ ድምፄ አስደነገጠኝ።

«ማን ነው የታመመው?»

«አብዬ ሁሴን! ዱዓ አያደርጉም። እህል አይበሉም። ሊሞቱብን ነው፣ እናንተ ደግሞ ቅቤ ትቆልላላችሁ!»

ጋሽ እንድሪስ ሳቀብኝ። «ኧረ የሬድዮ ሐኪም! ደግሞ ወልይ ልትጠግን አማረህ? ሽቦው የተበጠሰ መሰለህ?» ሰዎቹም ሳቁ።

ያኔ ዘሃራ ሊጥ በያዘው እጇ ወጣች። «ጋሽ እንድሪስ፣ ያመጡት ቅቤ ከነቅሉ እዚያ አለ፤ ይውሰዱት። አባቴ አንድ ጣት እንኳ አልቀመሰውም። ወልይስ ይሁን እሺ፤ ወልይ አይታመምም ያለዎት ማነው?» አለችው። እሱ ግን ከደጁ ንቅንቅ አላለም።

ማሰብ አላሰብኩም። ከእርከኑ ካብ ላይ አንድ ድንጋይ መንጭቄ ማጅራቴ ላይ ጫንኩና ጎንበስ ብዬ ወደ ጎጆዋ ገባሁ። በእኛ ዘንድ የበደለ ሰው ይቅርታ ሲለምን እንዲህ ድንጋይ ተሸክሞ ከተበዳዩ እግር ሥር ይወድቃል። ድንጋይ ተሸክሞ የመጣን ሰው አልሰማም ማለት ትልቅ ነውር ነው። ገዳይ እንኳ ይሰማል። ይህንን ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም፤ ዕድሜ ልካቸውን በዚህ ሥርዓት ነው ሰው ሲያስታርቁ የኖሩት።

ቡልኮውን ከፊታቸው ገለጥ አደረጉ።

«ምንድነው ይሄ? ማንን በደልክ?»

«ማንንም አልበደልኩም።»

«ታዲያ ድንጋዩ?»

«ተናድጄ ነው።»

«በማን?»

«በእርስዎ። በጋሽ እንድሪስ። ሰባ ዓመት ምን ይጠበቃል ባለው። በሁሉም!»

ድንጋዩን አዩት። «ሰው ሲናደድ ድንጋይ ሲወረውር አይቻለሁ፤ ሲሸከም ግን አይቼ አላውቅም» አሉ።

«መካነ ሰላም አብረውኝ ካልሄዱ አላወርድም።»

በሩ ተከፈተ። ዘሃራ የወፍጮውን መጅ ማጅራቷ ላይ ጭና፣ በዱቄት እንደተለወሰች ገብታ ከጎኔ ተንበረከከች። በስተኋላዋ ጋሽ እንድሪስና ሰዎቹ በሩ ላይ ተደርድረው ያያሉ። አሁን የሚስቅ የለም።

«አንቺም?» አሏት።

«እኔም።»

አብዬ ሁሴን መቁጠሪያውን አጠገባቸው አስቀመጡት። «አፉ፣ ይቅር ብያለሁ፤ አውርዱ» አሉ። ቀጥለው ዘሃራን «በይ ጋቢዬን እጠቢው፤ ከተማ በቡልኮ አልገባም» አሏት።

ጋቢው እንደደረቀ በቅሎ ተውሰን እኔና ዘሃራ እስከ መኪና መንገዱ ይዘናቸው ሄድን። ስንዴው ማሸት ጀምሯል፣ አደዩ በየድንበሩ ፈክቷል። ሌላ ጊዜ ቢሆን የሰውን ማሳ ሁሉ እየተቹ ነበር የሚሄዱት፤ ያን ዕለት ከበቅሎዋ ጆሮ አሻግረው አላዩም። ሚኒባሱ በየጉድጓዱ ሲዘል ተሳፋሪው ሁሉ ፈጣሪውን እየጠራ «ያ ጀባር!» ይላል፤ እሳቸው ብቻ ዝም።

የአእምሮ ሕክምና የሚሰጥበት ክፍል ደጅ ረጅም አግዳሚ ወንበር አለ። ጫፉ ላይ አንድ ሰው ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ተቀምጧል። አብዬ ሁሴንም ገና ሲያዩት የራሳቸውን ጋቢ እስከ ዓይናቸው ሳቡት። ሁለቱም ፊታቸውን ሸፍነው፣ አንዱ ወደ ቀኝ አንዱ ወደ ግራ እያየ ተቀመጡ። ነርሷ ወጥታ «ሁሴን አሊ!» ብላ ስትጣራ ያኛው ሰውዬ ብድግ ብሎ ጋቢውን ገለጠ።

«አብዬ ሁሴን?»

«ሞላ?»

አወቅኩት። ከወንዙ ማዶ ያለ ክርስቲያን ገበሬ ነው፤ ወንድሙ ተገድሎበት ከገዳዩ ቤተሰብ ጋር ያስታረቁት አብዬ ሁሴን ናቸው።

«እርስዎም?» አለ ሞላ።

«አንተም?»

«ሁለት ዓመቴ ነው። መድኃኒቱን እየወሰድኩ ደህና ነኝ።»

«ታዲያ እንዴት ሳትነግረኝ?»

ሞላ አንገቱን ደፋ። «አበደ ከተባልኩ ያ ዕርቅ የሚፈርስ መሰለኝ፤ ፈራሁ» አለ።

አብዬ ሁሴን አንድ ድምፅ አወጡ። ሳል መስሎኝ ውሃ ልሰጣቸው ተነሳሁ። ሳቅ ነበር። እኔ ግን አልሳቅኩም። ሁለት የተከበሩ ሰዎች አንዱ ሌላውን ፈርቶ እንደ ሌባ ተከናንበው መቀመጣቸው ደሜን አፈላው።

ሬድዮው ያለው የአእምሮ ሐኪም ይህችው ነርስ ናት፤ ወጣት፣ ድምፅዋ ረጋ ያለ። ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ምግብ ጠየቀቻቸው። «መሞት ይመኛሉ?» አለቻቸው፤ ልክ «ውሃ ይፈልጋሉ?» እንደማለት አድርጋ። ወለሉን አዩ። «በየቀኑ» አሉ።

«ይሄ እርጅና አይደለም አባቴ» አለች። «እርጅና ጉልበት ይቀንሳል እንጂ መኖር አያስጠላም። ይሄ ድባቴ የሚባል ሕመም ነው፤ ይታከማል።»

«መድኃኒቱን ብወስድ ዱዓዬ ይመለሳል?»

«እሱን ቃል አልገባልዎትም። እንቅልፍዎ ግን ይመለሳል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ውጤቱን ለማየት ሳምንታት ይፈጃል፤ ቶሎ አልሠራም ብለው እንዳይተዉት። ያ የገደሉ ሐሳብ ከመጣብዎት ለልጆቹ ይንገሯቸው፤ እናንተም ብቻቸውን አትተዉዋቸው።»

እንዳለችውም ቶሎ አልሠራም። አፋቸው ደረቀ፣ «ተዉኝ» አሉ፣ ተጨቃጨቅን። እኔና ዘሃራ ተራ እየገባን አብረናቸው አደርን። ከዚያ በጥቅምት ማለቂያ ላይ፣ እራት ቀርቦ ሳለ፣ አንድ ጉርሻ ጎረሱና «ይሄ ሽሮ ጨው የሚባል ነገር አያውቅም እንዴ?» አሉ። ዘሃራ ማጀት ገብታ አለቀሰች። እያለቀሰችም ጨው አመጣች።

መንደሩ ደስ ይለዋል ብዬ ነበር። አልተደሰተም። አብዬ ሁሴን በሬ መጥራት ሲጀምሩ ቅቤው ቀረ፣ መቃን የሚስመው ቀረ። ጋሽ እንድሪስ «በረካቸውን ኪኒን አስወጣው» እያለ ያወራ ጀመር። እየሞቱ ሳሉ ያከበራቸው ሰው፣ ሲድኑ ቅር አለው። ከዚያ የሚበልጥ የሚያናድድ ነገር እስከ ዛሬ አላየሁም።

የፈሩትም በከፊል ደርሷል። በሚቀጥለው በጋ አንድ ቤተሰብ «ታማሚ አያስታርቀንም» ብሎ ሌላ ሽማግሌ ጠራ። የድሮዎቹ ዕርቆች ግን አንዳቸውም አልፈረሱም። ሌላ ሽማግሌ በተጠራ ቀን አብዬ ሁሴን ከዘራቸውን ወርውረው ገቡ። «እኔን! የአያቱን የድንበር ጭቅጭቅ የፈታሁለትን!» ሲሉ ማዶ ተረተር ድረስ ተሰማ። ዘሃራና እኔ ተያየን። የተናደደ ሰው ማየት እንዲህ ያስደስታል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ዛሬ ሰማንያን አልፈዋል። ሕመሙ ሁለት ጊዜ ተመልሶባቸው ነበር፤ ሁለቱንም ጊዜ ራሳቸው «ጀማል፣ ያ ነገር መጣ» ብለው ቀድመው ነገሩኝ። ከዚያ በላይ ጀግንነት አላውቅም። አንተ አባት፣ አንቺ እናት ሆይ፤ ጉልበት ቢታመም ሐኪም ቤት ትሄዳላችሁ፣ ዓይን ቢደክም ትሄዳላችሁ። ሆድ ሲብስ፣ እንቅልፍ ሲጠፋ፣ መኖር ሲሰለች ግን «ዕድሜ ነው» ብላችሁ ቡልኮ ትከናነባላችሁ። እኛ ልጆቻችሁ ደግሞ ጨዋነት ነው፣ ቅድስና ነው እያልን ቡልኮውን እናስተካክልላችኋለን። እማማ ፋጡማ ዱንያን አልናቁም። ዱንያ እየጠፋችባቸው የሚፈልግላቸው አጡ።

ከድንኳኑ ወጥቼ አፋፉ ሥር ያገኘኋቸው አብዬ ሁሴንን ነው፤ ወደ ለቅሶው እየመጡ ነበር። የሆነውን ነገርኳቸው። ክንዴን ይዘው መልሰው ወደ ድንኳኑ አስገቡኝ፣ ተቀመጡ፣ ዱዓ አደረጉ። ከዚያ ቀና ብለው «ዱንያን ንቃ ሞተች ያላችሁ እናንተ ናችሁ?» አሉ። ንፍሮ ይዞ የነበረው ሰውዬ እጁን ሰበሰበ።

«እኔም ያኔ ኸልዋ አልነበርኩም። ታምሜ ነበር። ይሄው ታክሜ ነው የምነግራችሁ። የዚህች ሴት በሽታ መድኃኒት ነበረው» አሉ። የእማማ ፋጡማ ትልቁ ልጅ አንገቱን ደፋ። አንዱ ሰውዬ «በለቅሶ ቤት ይሄ ወሬ ነው?» ብሎ አጉረመረመ። «የት ይሁን? እሷን ቀበርን፤ ቀጣዩን እስክንቀብር ልጠብቅ?» አሉት።

ስንወጣ አንዲት ባልቴት ከሴቶቹ ተለይታ መጥታ የጋቢያቸውን ጫፍ ያዝ አደረገችና ግራ ቀኝ አይታ «እዚያ ሐኪም ቤት... መቼ ነው የሚከፈተው?» አለች፤ የሰረቀች ይመስል በሹክሹክታ።

አብዬ ሁሴን በሬ በሚጠሩበት ድምፅ መለሱላት።

«ሰኞ ቀጠሮ አለኝ፤ ብቻዬን መሄድ ይሰለቸኛል። ነይ፣ አብረን እንሄዳለን!»